በስቅለት ሌሊት ሆስፒታል ተረኛ ለነበራችሁ፦ ከአንዲት እናት የቀረበ ምስጋና

ከሁሉ አስቀድሞ ለፈጠረን አምላክ ምስጋና ይድረሰው። ልጃችን ዛሬ ግንቦት 6 ቀን በተወለደ በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሥቷል። ቤቱ እንግዳ ሞልቶታል፤ እኔ ጓዳ ገብቼ ይህን እጽፋለሁ፤ ልጄን ከሞት አትርፋችሁታልና ዛሬ ካልጻፍኩት የሚያድር ዕዳ ይሆንብኛል።

ልጁ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም እዚሁ ሐዋሳ 3 ኪሎ ከ200 ግራም ሆኖ በሰላም ተወለደ። በዘጠነኛው ቀን ጡት መሳብ ሰነፈ፣ በአሥራ አንደኛው ማስመለስ ጀመረ። አንድ ክሊኒክ ወሰድነው፤ “የሆድ ቁርጠት ነው፣ ያልፋል” ተባልን። ከጠያቂዎቹ መካከል “እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥለት” ያሉም ነበሩ። እናቴ “የልጄን ልጅ ምላጭ አይነካውም” ብላ በር ላይ ቆመች። እማዬ፣ ለዚያ ብቻ እንኳ ዕድሜሽን ያርዝመው።

የስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 10 ምሽት ላይ፣ ማልቀሱንም ተወ። ዓይኑ ገባ፣ እርግብግቢቱ ጎደጎደ። ባለቤቴ ከስግደት እንደተመለሰ ነጠላውን ሳያወልቅ ባጃጅ ጠራ። የባጃጁ ወንድሜ፣ ሂሳብ አልቀበልም ብለህ ነው የሄድከው፤ ስምህን እንኳ አልጠየቅንህም። እግዚአብሔር ይክፈልህ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሲመዘን 2 ኪሎ ከ600 ግራም ነበር። ዶክተር፣ እርስዎ መጀመሪያ የጠየቁኝን አልረሳውም፦ “ከዚህ በፊት የሞተብሽ ሕፃን አለ?” “አዎ፣ አለ” አልኩ። ከአራት ዓመት በፊት ወንድ ልጅ ወልጄ በ18 ቀኑ ሲያስመልሰው ሰንብቶ አረፈብኝ። ያኔ ተቅማጥና ትውከት ነው ተባለ፤ ክርስትና ሳይነሣ ቀበርነው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ልጅ የጠየቀኝ ሐኪም እርስዎ ብቻ ነዎት።

ውሃው ካለቀ ሕፃን ደም ማግኘት ከባድ ነው። ከተረከዙ በስንት መከራ ተጨምቆ ወጣና ለላብራቶሪ ተላከ። በደሙ ያለው ጨው፣ ሶዲየሙ፣ ከልክ በታች ወርዶ 116፣ ሲበዛ ልብን የሚያውከው ፖታሲየሙ ከልክ በላይ ወጥቶ 8.2 ሆነ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ተጨምቆ በወጣ ደም ውስጥ ቀይ ሴሎቹ ይፈነዱና የያዙት ፖታሲየም ፈስሶ ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ “ናሙናው ተበላሽቷል፣ ይደገም” ብሎ ጽፎ መመለስ ይቻል ነበር፤ ጥፋትም አይባልም። የላብራቶሪዋ እህቴ፣ አንቺ ግን ወረቀት አልላክሽም፤ ራስሽ መጣሽ። “ሶዲየሙም አብሮ ወርዷል፤ የደም መበላሸት ሶዲየም እንዲህ አያወርድም” ስትዪ ለሲስተሯ ሰማሁሽ። እጅሽን አሻሽተሽ አሞቅሽና ክንዱን ያዝሽለት፤ ከደም ሥሩ ቀስ ብለሽ ቀዳሽ። ብዙም ሳትቆዪ ቱቦውን ይዘሽ ተመለስሽና ወደ አምፖሉ ከፍ አድርገሽ ለዶክተሩ አሳየሻቸው። ደሙ ከታች ረግቶ፣ ከላይ ያለው ውሃ ቅላት የሌለበት ጥርት ያለ ቢጫ ነበር፤ ቀይ ሴሎቹ አልፈነዱም ማለት ነው። ፖታሲየሙ ግን አሁንም 7.9። “እውነተኛ ነው” አልሽ። ሁለት ቃል ብቻ ነበር የተናገርሽው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ በጆሮዬ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አድርገሻል። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ከዚያው ደም ጥቂት ለይተሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥሽ። መድኃኒቱ፣ ማለትም ሰውነቱ መሥራት ያቃተውን ሆርሞን የሚተካው ሃይድሮኮርቲዞን፣ አንዴ ከገባ የሆርሞኖቹ መጠን ስለሚለወጥ የበሽታው ማስረጃ ይደበዝዝ ነበር።

ዶክተሩ የሆርሞኑን ውጤት አልጠበቁም። ጨውና ስኳር ያለው ፈሳሽ፣ ለልቡ ካልሲየም፣ 25 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን በዚያው ሌሊት ገባለት። በማግሥቱ ቅዳሜ ስዑር፣ አጠገባችን ያለች አስታማሚ ከራሷ ላይ ቄጤማ ፈትታ የልጄ አልጋ ላይ አሰረችልኝ። ለፋሲካ አጥቢያ ዶሮ ሲጮኽ ጡት ያዘ። ሲስተርዬ፣ ያኔ አብረሽኝ አለቀስሽ።

ተለይቶ የተቀመጠው ደም አዲስ አበባ ተልኮ ተመረመረ። 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስተሮን የሚባለው ሆርሞን መሣሪያው ከሚለካው ጣሪያ አልፎ፣ ናሙናው ተበርዞ እንደገና ሲለካ በሚሊሊትር ከ100 ናኖግራም በላይ ሆነ። በሽታው ከትውልድ የሚመጣ የአድሬናል ዕጢ ጉድለት (በእንግሊዝኛ congenital adrenal hyperplasia) መሆኑን ዶክተሩ በአንድ ወረቀት ጀርባ ላይ ቦይ ስለው አስረዱን። ከኩላሊት በላይ የተቀመጠው አድሬናል ዕጢ ሰውነት ሕመምን የሚቋቋምበትን ኮርቲሶልንና ጨው የሚይዘውን አልዶስተሮንን የሚሠራው ደረጃ በደረጃ ነው። በመካከል 21-ሃይድሮክሲሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ከሌለ ቦዩ ይደፈናል፤ የተጠራቀመው፣ ያ የተለካው ሆርሞን፣ ወደ ጎረቤት ማሳ ይፈስና የወንድ ሆርሞን ይሆናል። ሴት ልጅ ከሆነች ብልቷ ከወንድ ጋር ተመሳስሎ ስለሚወለድ ብዙ ጊዜ ገና ከጅምሩ ትታያለች። ወንዱ ግን ጤነኛ ይመስላል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ጨው ከሰውነቱ ወጥቶ ሲያልቅ ነው የሚታወቀው። በብዙ አገሮች ሕፃን በተወለደ በጥቂት ቀናት ከተረከዙ የደም ጠብታ ተወስዶ ይኸው 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስተሮን ይለካል። የእኛም ልጆች ያንን ቢያገኙ ምኞቴ ነው።

እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ምንም ሳያመን ጉድለቱን የተሸከምን ነን፤ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ በሽታውን ይዞ የመወለድ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። የመጀመሪያው ልጄ በምን እንደሞተ በምርመራ አልተረጋገጠም፤ ልቤ ግን አውቆታል። እኔም “ምን አጎደልኩበት” የሚለውን ጥያቄ አስቀምጬዋለሁ። በተወለደ በሁለት ሦስት ሳምንቱ በትውከት ሕፃን የሞተባችሁ እናቶች፣ ሌላ ስትወልዱ ለሐኪም ይህን ሳትጠየቁም ተናገሩ።

መድኃኒቱን ሐዋሳ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረን አጣነው። በኮርቲሶል ፈንታ የሚሰጠውን ሃይድሮኮርቲዞንና በአልዶስተሮን ፈንታ የሚሰጠውን ፍሉድሮኮርቲዞን ከአዲስ አበባ ፈልጎ በአውቶቡስ የላከው የባለቤቴ አጎት፣ ገንዘብ ያሟላልን ዕድራችን፣ ኪኒኑን እንዴት እንደምከፍልና እንደምፈጭ በትዕግሥት ያሳየሽኝ ፋርማሲስት፣ ሁላችሁም ብድራችሁን ይክፈላችሁ። አሁን ሃይድሮኮርቲዞኑን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሌላውን ኪኒንና የጨው ውሃውን ደግሞ ዶክተሩ በመጠኑልን ልክ በሲሪንጅ እሰጠዋለሁ። ትኩሳት ሲይዘው የሃይድሮኮርቲዞኑን መጠን እንድጨምር፣ ካስመለሰው ለመርፌ እንድሮጥ ተምሬያለሁ። ዛሬ 3 ኪሎ ከ900 ግራም ነው።

እህቴ፣ ሰኞ ዕለት ድፎ ዳቦ ይዘን ላብራቶሪ መጥተን ነበር፤ ተረኛ አይደለችም አሉን። ድፎው ለባልደረቦችሽ ተቆርጧል። የአንቺ ድርሻ ቤት ነው ያለው፤ ነይና ያንን ክንዱን ያዢው፣ አሁን ሥጋ ይዟል።

የሕፃኑ እናት፣ ከሐዋሳ