በዚህ ሳምንት ኮራን እናዳምጣለን

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የዚህ ሳምንት ጉዟችን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ነው። ኮራ በማሊ፣ በጋምቢያ፣ በሴኔጋልና በጊኒ የሚኖሩት የማንዴ ሕዝቦች የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ትልቅ ቅል ለሁለት ይከፈልና በአንዱ ግማሽ ላይ የከብት ቆዳ ይወጠርበታል። ከረጅሙ እንጨት የሚነሱት 21 ክሮች ድሮ ከቆዳ ይሠሩ ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎቹ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ናቸው።

ተጫዋቹ የሚጠቀመው በአራት ጣቶች ብቻ ነው፤ በሁለቱ አውራ ጣቶችና በሁለቱ ሌባ ጣቶች። አውራ ጣቶቹ አንዱን ዜማ እየደጋገሙ መሠረቱን ይይዛሉ። ሌባ ጣቶቹ በላዩ ላይ እንደ ልባቸው ይሄዳሉ። ስትሰሙት ሁለት ሦስት ሰው የሚጫወት ይመስላችኋል። እኔን እስካሁን የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው!

ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ግሪዮት የሚባሉት ባለሙያዎች የነገሥታትን ታሪክና የትውልድ ሐረግ በቃላቸው ይዘው ያዜማሉ፣ ያወድሳሉ። አዝማሪ ሲያወድስ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ለመጀመር በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣውን የማሊያዊውን የኮራ ተጫዋች የቱማኒ ዲያባቴን «ካይራ» የተባለ አልበም ስሙ። ከአንድ ኮራ በቀር ምንም የለበትም። ቀጥሎ ሶና ጆባርቴን። ኮራ ለዘመናት የወንዶች ሆኖ ከኖረበት የግሪዮት ቤተሰብ ወጥታ፣ በዚሁ መሣሪያ ዓለም ያወቃት ሴት ናት።

እባካችሁ በኢርፎን ስሙት፤ የስልክ ስፒከር የወፍራሞቹን ክሮች ድምፅ ይበላዋል። ልባችሁን የነካው ቦታ ላይ ስትደርሱ ደቂቃውን ጽፋችሁ ላኩልን። ቅዳሜ አብረን ደግመን እናዳምጠዋለን።