ደብዳቤ ለልጄ፦ ከሜንዴል አተር አትጀምሪ

ሚሚዬ፣ እንዴት ነሽ ልጄ፣ ያ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይ? እኛ ደህና ነን፣ ጅማ ዝናቡ ስለጀመረ ሰፈሩ ጭቃ በጭቃ ሆኗል እንጂ ሌላ ችግር የለም።

ለሜዲሲን ተማሪዎች የጀነቲክ ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ማለትም በህዝብ ውስጥ በሽታ ሲታይ የዘርና ያካባቢ ድርሻ የሚጠናበት ትምህርት፣ መግቢያ ስጪ ተብዬ ነው ብለሽ የላክሽልኝን ስላይድ አየሁት። እውነቱን ልንገርሽ አይደል፣ አምስተኛው ላይ ስትደርሺ ግማሹ ክፍል ስልኩን ያወጣል። ያ የዘር ውርስን በአተር ያጠናው ሜንዴል፣ አተሩ፣ ፎርሙላ፣ ከዛ ደሞ ሌላ ፎርሙላ። ልጆቹ ጀነቲክሱንም ኤፒዲሚዮሎጂውንም ለየብቻ ተምረውታል፣ ያልተማሩት ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚመጣ ነው፣ ለሱ ደሞ እኛ ሀገር ከዝሆኔ የተሻለ ማስተማሪያ የለም፣ በትንኝ የሚተላለፈውን ፊላሪያሲሱን ሳይሆን በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣውን ፖዶኮኒዮሲሱን ማለቴ ነው።

እንዲህ ብለሽ ጀምሪ፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ ሁሉም በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ሲረግጥ ኖሯል፣ እግሩ የሚያብጠው ግን ጥቂቱ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ካንድ ቤት። ለምን? በይና ዝም በይ። አንዱ ዘር ነው ይልሻል፣ ሌላው ደሞ አንድ ማሳ ስለሚያርሱ ነው ይልሻል፣ ሁለቱንም እሺ በያቸው፣ ኮርሱ እኮ እነዚህን ሁለት መልሶች እንዴት እንለያቸዋለን የሚለው ነው። ቤተሰብ ውስጥ ተደጋገመ ማለት የግድ ጂን ነው ማለት አይደለም፣ ቲቢም አንድ ቤት ውስጥ ይደጋገማል።

ከዛ ቁጥሩን አምጪ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የወላይታው ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመያዝ እድል ከሌላው ህዝብ 5 እጥፍ ያህል እንደሆነ፣ ሄሪታቢሊቲውም፣ ማለትም በሰው መካከል ካለው ልዩነት በዘር የሚብራራው ድርሻ፣ 63% አካባቢ እንደሆነ አሳይቷል። እዚህ ጋ ቁሚ፣ አትሩጪ! ተማሪ 63% ሲሰማ ያንድ ታማሚ በሽታ ከመቶ 63 እጁ ከጂን መጣ ብሎ ነው የሚይዘው፣ ስንቱ ሬዚደንት ራሱ እንደዛ ያወራል። ቁጥሩ የሚያወራው ስላንድ ሰው ሳይሆን በዛ ህዝብ ውስጥ ሰው ከሰው ስለሚለያይበት ነገር ነው። ሁሉም ባዶ እግሩን ሲሄድ አፈሩ ማንንም ከማን አይለይም፣ የሚለየው ጂኑ ይሆናል። ነገ ግማሹ ሰው ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግ የማንም ጂን ሳይነካ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ጂኑ ያለበትም ሰው እግሩ አፈሩን ካልነካ አይታመምም። ይሄን ከያዙልሽ ሌላውን ቢረሱት ግድ የለኝም።

በ2012 እ.ኤ.አ. ደሞ ተመራማሪዎቹ እነ ፋሲል ተኮላና ጌል ዴቪ 194 ታማሚና 203 ጤነኛ ሰው አወዳድረው ነገሩ ኤችኤልኤ ክላስ ቱ ከሚባሉት የሰውነት መከላከያ ጂኖች ጋር እንደሚገናኝ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አወጡ። ውጤቱን ከመናገርሽ በፊት ግን ጤነኞቹን ከየት እናምጣ ብለሽ ጠይቂያቸው። ጫማ አድርጎ ያደገ የከተማ ሰው አይሆንም፣ ጂኑን ይዞ አፈሩን ስላልረገጠ ብቻ ጤነኛ ሊሆን ይችላላ። ታማሚውን ከወላይታ ኮንትሮሉን፣ ማለትም ማወዳደሪያውን ጤነኛ፣ ከጅማ ካመጣሽ ደሞ የምታገኚው ያካባቢውን ህዝብ ልዩነት እንጂ የበሽታውን ጂን አይደለም። ውጤቱ በእድል አይደለም ለማለት የተለመደው የ0.05 መስፈርትም እዚህ አይሰራም፣ ጂኖሙ ላይ 1 ሚሊዮን ቦታ ከሞከርሽ 50 ሺው በእድል ብቻ ያልፋል፣ ለዛ ነው መስፈርቱ 0.00000005 የሆነው።

ፔዲግሪውን፣ ማለትም የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ስዕል፣ በእጃቸው ይሳሉ፣ ወንድ ካሬ፣ ሴት ክብ፣ የታመመ የተቀባ። የራሳቸውን ቤተሰብ ግን በፍጹም እንዲስሉ አታድርጊ፣ ክፍል መሀል አባቱ ማን እንደሆነ ጥያቄ የሚሆንበት ልጅ አይጠፋም። አንቺ ለሲቢቲፒ፣ ማለትም ህብረተሰቡ መሀል ለሚሰጠው የመስክ ትምህርት፣ ስትወጪ ያየሽውንም ንገሪያቸው፣ ስንት ወንድምና እህት አለዎት ስትያቸው አክስት ጋ ያደገውንም ያጎት ልጅንም ቆጥረው 11 ይሉሻል፣ ባንድ እናት? ባንድ አባት? እያልሽ አንድ በአንድ ካልጠየቅሽ ያ ፔዲግሪ ዋጋ የለውም።

ተማሪዎቹ የመድኃኒት ነገር ስለሚወዱ የህመም ማስታገሻውን ኮዴይንንም ጣል አድርጊ። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29% ያህሉ መድኃኒት የሚለውጠው ሲዋይፒ ቱዲሲክስ የሚባለው ጂን ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው፣ እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይንን ቶሎ ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፣ የምታጠባ እናት ከሆነች ደሞ ለህፃኑም ያሰጋል። ዝርዝሩን ለፋርማኮሎጂ ተይላቸው።

አንድ ነገር ግን ስላይድሽ ላይ ጭራሽ የለም፣ ለሰው እንዴት እንደሚነገር። የነሱ ቤት ዘር ነው እየተባለ ስንቷ ልጅ ሳታገባ ቀርታለች፣ ጋውን የለበሰ ሰው መጥቶ በደም ነው ካለ በቃ ሀሜቱን ማህተም መታበት። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው በአማርኛም በኦሮምኛም ይለማመዱ፣ አንዱ እናት ይሁን አንዱ ሀኪም። ለምሳሌ «እግራችሁ ለዚህ አፈር ስስ ነው እማማ፣ ልጆቹ ካሁኑ ጫማ ካደረጉና እግራቸውን በሳሙና ከታጠቡ አይዛቸውም» ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ የገባበት ሁሉ እንደገና ይጀምር።

ኤችኤልኤው ላይ ሶስት ስላይድ አድርገሻል፣ አንድ ይበቃል። ቡናና በሶ በሚመጣ ሰው ልኬልሻለሁ፣ አባትሽም ሰላም ብሎሻል።

እናትሽ፣ ከጅማ