የሴቶቹ በር ቁልፍ ማን ጋ ነው? ለሀዋሳ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ከንቲባ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ስለ ሽንት ቤት ነው። መጀመሪያውኑ የተናገርኩት ኋላ እንዳላፍር ብዬ ነው። እስከ ዛሬም ሳልጽፍ የቆየሁት አፍሬ ነው።

ሀዋሳ ውስጥ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት። የትኛው እንደሆነ አልጠራም። ጠብ አልፈልግም፤ ደግሞ ስም ብጠራ ሌሎቹ "እኛን አይመለከትም" ብለው ይገላገላሉ። ባለጉዳይ ይመጣል፣ መታወቂያ ኮፒ ያስደርጋል፣ ማመልከቻ ያስጽፋል፣ ክላሰር ገዝቶ ይሮጣል። ሴቶቹ ግን ከከፈሉም በኋላ ቶሎ አይወጡም። ወዲያ ወዲህ ያያሉ። ሌላው ደንበኛ እስኪሄድ ይጠብቃሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እህቴ፣ ሽንት ቤት ይኖርሻል?"

አለኝ። ከሱቁ ጀርባ፣ ከአራት ተከራዮች ጋር የምንጋራው። ቁልፉን ከማሽኑ ጎን ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ኪስ ውስጥ ተረስቶ እንዳይሄድ ቁራጭ እንጨት አስሬበታለሁ። አንዳንድ ቀን ያ እንጨት ከአሥር ሴት በላይ እጅ ይገባል። ተከራዮቹ ማጉረምረም ጀምረዋል። እውነታቸውን ነው፤ ውኃ በጠፋ ቀን በጀሪካን የምናመጣው እኛ ነን።

መሥሪያ ቤቱ ሽንት ቤት የለውም ማለቴ አይደለም። አለው። ለራሴ ጉዳይ ገብቼ አይቻለሁ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሁለት በሮች አሉ። አንዱ "ወንዶች"፣ አንዱ "ሴቶች" ይላል። የወንዶቹ ገርበብ ብሏል። የሴቶቹ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ጥበቃውን "ጋሼ፣ የዚህ ቁልፍ ማን ጋ ነው?" አልኳቸው። "ንብረት ክፍል ጠይቂ።" ንብረት ክፍል ሄድኩ፤ "ሰውየው ስብሰባ ገብቷል።" እውነቱን የነገረችኝ የፅዳት ሠራተኛዋ ናት። "አንቺ ደግሞ፣ ውስጡ እኮ ስቶር ነው" አለችኝ እየሳቀች። የተሰበረ ወንበር፣ ያረጀ ፋይል፣ የማይሠራ ፕሪንተር። ከበሩ ላይ ጽሑፍ በቀር ሴት የሚያስብለው ነገር የለም።

ስለዚህ ሴቶቹ የወንዶቹን ይጠቀማሉ። መቀርቀሪያው ከተነቀለ ቆይቷል። ሁለት ሆነው ከመጡ አንዷ ትገባለች፣ አንዷ በሩን ይዛ ትቆማለች። ብቻዋን የመጣችው ትይዘዋለች። በሩን ማለቴ አይደለም።

ከቱላ በኩል የሚመጡ አንዲት እናት "ጉዳይ ያለኝ ቀን ጠዋት ውኃም ሻይም አልቀምስም" ብለውኛል። ገና ሳይረፍድ ወረፋ ይይዛሉ። ስድስት ሰዓት ላይ "ሲስተም የለም፣ ከሰዓት ተመለሱ" ይባላሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በደረቅ አፋቸው ይቆማሉ። ከኋላቸው የቆመው ወንድ መሀል ላይ ወጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ አጥር ሥር ደርሶ ተመልሷል። ወረፋው አንድ፣ መስኮቱ አንድ፣ ክፍያውም አንድ። ሽንት መቋጠር ለኢንፌክሽን እንደሚያጋልጥ እንኳን ሐኪም ቤት የሄደች ያልሄደችውም ታውቃለች። ግን ምን ታድርግ? ወረፋውን ትታ ሽንት ቤት ፍለጋ ከተማ ትዙር?

አንዷ ደግሞ አለች፤ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ከተመረቀ ወዲህ እንደ እሷ ያሉ ወጣት ሴቶች ለመታወቂያ፣ ለድጋፍ ደብዳቤ፣ ለምን ለምኑ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ጃኬቷን ወገቧ ላይ አስራ ገባች። ኮፒ አልፈለገችም። "እትዬ፣ ሞዴስ ይኖርሻል?" ከዚያ ቀን ጀምሮ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከኤ ፎር ወረቀቱ ጎን፣ አንድ እሽግ ሞዴስ አይጠፋም። የዚያን ቀን ግን ሱቁ ውስጥ አልነበረኝም። ተከራዬን ቀስቅሼ ነው ያገኘሁላት፤ ከሌሊት ሺፍት ገብታ ተኝታ ነበር። ልጅቷ ስትመለስ ወረፋዋ አልፎ ነበር። የዚያን ቀን ፈቃድ የወሰደችበት ደሞዝ ተቆርጦ፣ ጉዳይዋ ሳያልቅ ሄደች።

ሕጉ ላይ ችግር የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች እኩል መብት አላቸው ይላል፤ ካለፈው ታሪክ የወረሱት ልዩነት እንዲስተካከልም የድጋፍ እርምጃ ይገባቸዋል ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በሐምሌ 2002 ንጹህ ውኃና መጸዳጃ ሰብአዊ መብት ነው ብሏል። የዘላቂ ልማት ግቦች የሚባሉት ላይም፣ ስድስተኛው፣ በአውሮፓውያኑ 2030 መጸዳጃ ለሁሉም ሲዳረስ የሴቶችና የልጃገረዶች ፍላጎት በተለይ እንዲታሰብ ያዛል። ይህን ሁሉ በእኔ ማሽን ኮፒ አድርጌ ልሰጥዎት እችላለሁ። ጓጉንቸሩን ግን አይከፍትልንም።

በየግድግዳው "እዚህ መሽናት ክልክል ነው" የሚለውን ጽሑፍ አይተውት ይሆናል። ማን ይሆን የተጻፈለት? ወንዱ ነው። ለሴት ማስታወቂያ አላስፈለገም፤ እሷ ሳይጻፍላትም ክልክል ነው።

እዚህ ላይ እንዳይሳሳቱብኝ። ሴቶችን በየቦታው ለብቻ አድርጉልን እያልኩ አይደለም። የዚህ ተቃራኒ ነው የሚያናድደኝ። አንዲት ሴት የቤት ካርታ ጥያቄ ይዛ ስትገባ "አንቺ ወደ ሴቶች ጉዳይ ሂጂ" መባሏን እኔው ሱቅ ቁጭ ብላ ነግራኛለች። የካርታ ጉዳይ ጾታ የለውም። ለእሷ ጥያቄ መልስ ያለው ካርታ የሚሰጠው ሰውዬ ጋ ነው እንጂ ኮሪደሩ መጨረሻ ያለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አይደለም። ጉዳይ ባለበት አንድ ላይ እንሁን። ለየብቻ መሆን ያለብን ገላ በሚገለጥበት ቦታ ነው፤ መጸዳጃ ቤት፣ ሻወር፣ ልብስ መቀየሪያ፣ የሆስፒታል መኝታ ክፍል፣ የፖሊስ ጣቢያ ማቆያ። እኔ የማየው ግን ተገላቢጦሹን ነው። ጉዳያችንን ለይተው፣ ሽንት ቤታችንን ደባልቀዋል።

ይህን ለማስረዳት ባለሙያ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የሴትና የወንድ መቆሚያ ለየብቻ ነው። መስጊድም እንደዚያው። የሲዳማ ጎረቤቶቼ ደግሞ ያካ የሚሉት የሴቶች ስብስብ አላቸው። ሴት ስትበደል ሲቆ የሚባለውን በትር ይዘው አብረው ይወጣሉ፤ ወንድ መሀላቸው አይገባም። ጎረቤቴ እማማ ሲያወሩልኝ ዓይናቸው ያበራል። ለየብቻ መሆን ጉልበት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

እንግሊዝ አገር ክርክሩ ሌላ ነው፤ ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚኖሩ ሰዎች በሴቶቹ በር ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚል። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በሚያዝያ 2017፣ በእነሱ 2025 መሆኑ ነው፣ በእኩልነት ሕጋቸው ውስጥ "ሴት" የሚለው ቃል የሚወሰነው በተፈጥሮ ጾታ ነው ብሎ ፈረደ። በየትኛው በር ማን ይግባ የሚለው ሙግት ግን ከዚያም በኋላ አልበረደም። ልጄ በስልኳ እያነበበች ስትነግረኝ ትንሽ ቀናሁ። እነሱ እኮ የሚሟገቱት በሩ ኖሯቸው ነው። የኛ በር ውስጥ ያለው ወንበር ነው።

ግን ሁለት በር ብቻም አይበቃም። ይህን ያስተማረኝ አንድ አባት ነው። የአምስት ዓመት ልጅ የምትሆን ሴት ልጁን ይዞ መጣ። "የወንዶቹ ጋ ሰዎች ቆመው እየሸኑ እንዴት ይዣት ልግባ?" አለኝ። የሴቶቹ ክፍት ቢሆንም እሱ አይገባበትም፤ ብቻዋን ሊልካት ደግሞ አይችልም። ቁልፉን ሰጠሁት። ሌላ ቀን አንድ ወጣት እናቱን በዊልቸር እየገፋ መጣ። ቁልፉን ይዞ ጀርባ ዞረና ተመለሰ። የእኔው ሽንት ቤት ሁለት ደረጃ አለው። አስቤው አላውቅም ነበር። እናቱ "ተወው ልጄ፣ ቤት እንደርሳለን" አሉት። ቤታቸው የት እንደሆነ አልጠየቅሁም። መስማት አልፈለግሁም መሰለኝ።

ለዚህ መልሱ ከባድ አይደለም። ከሁለቱ በሮች ጎን አንድ ሰፊ ክፍል፣ ደረጃ የሌለው፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ የሚገባበት። ልጅ የያዘ አባት፣ እናቱን የሚረዳ ልጅ፣ በሌላ ምክንያት ሁለቱም በር የሚከብደው ሰው ይጠቀምበታል። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 እኮ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ አካል ጉዳተኛ የሚጠቀምበት መጸዳጃ ይኑረው ብሎ ነበር። ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል።

ለመሐንዲሶቹም አንድ ቃል። እኩል ስፋት እኩልነት አይደለም። ወንዶቹ ጋ ግድግዳው ላይ ቆመው የሚሸኑበት ይደረደራል፤ ስለዚህ በዚያው ስፋት ብዙ ሰው ያስተናግዳል። ሴቷ ለእያንዳንዱ ነገር በር ያለው ክፍል ያስፈልጋታል። ልብሷ ጊዜ ይወስዳል፣ ልጅ ይዛለች፣ ፔሬድ ላይ ትሆናለች። ሰው በሚበዛበት ቀን የሴቶቹ ወረፋ ብቻ ውጭ ድረስ የሚረዝመው ሴት ወሬ ስለምትወድ አይደለም።

ስለ እናቶች ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ማጥባት እዚህ አገር ነውር አይደለም። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወረፋ ላይ ብታጠባ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። የሚቸግረው ለሠራተኛዋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣታል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ሌላ አይቅመስ ይላል። ሦስት ወር ይጎድላል። ያችን ሦስት ወር የምትሞላው ጡቷን በማለብና ወተቱን በማስቀመጥ ነው። የት? እዚያው መቀርቀሪያ የሌለው ሽንት ቤት ውስጥ? የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበት የሕፃናት ማቆያ ያዘጋጁ ብሎ ነበር። "እሱ የፌዴራል ነው፣ እኛ ክልል ነን" እንደማይሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ሕፃኑ ክልል አያውቅም።

እንግዲህ ጥያቄዬ። ሕንፃ አልጠይቅም። ጓጉንቸር መክፈትና ወንበር ማውጣት በጀት አይፈልግም።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ይላኩ። ኮሚቴ አይሁን፤ ኮሚቴ ሲመጣ ሽንት ቤት ይታጠባል። ባጅ ሳታንጠለጥል፣ ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጥታ፣ 2፡30 ላይ እንደ ባለጉዳይ ወረፋ ትያዝ። ቀኑን ሙሉ ትዋል። በየመሥሪያ ቤቱ። በሩ ክፍት ነው? ከውስጥ ይቆለፋል? ውኃ አለ? ክዳን ያለው የቆሻሻ መጣያ አለ? ይህን ጽፋ ትስጥዎት።

ሁለተኛ፣ በየመግቢያው የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር የትኛው አገልግሎት በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ይነግረናል። አንድ መስመር ይጨመርበት። የሴቶች መጸዳጃ በሥራ ሰዓት ሁሉ ክፍት እንደሆነና ካልተከፈተ ማን እንደሚጠየቅ፣ ከነቢሮ ቁጥሩ። ቁልፉ ከንብረት ክፍል ወጥቶ ለፅዳት ሠራተኛዋ ይሰጥ፤ ለተጨመረባት ሥራም ይከፈላት። አዲስ የሚሠራ የመንግሥት ሕንፃ ደግሞ ሦስቱም በሮች ተከፍተው፣ ውኃ መውረዱ ታይቶ እንጂ በፕላን ብቻ ርክክብ አይደረግ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ በዚህ ከተማዬ ኮርቻለሁ። ሆኖም እንግዳ ሲመጣ ሐይቁን አሳይቼ፣ አሣ አብልቼ፣ ጉዳይ ካለው ግን "ውኃ ሳትጠጪ ሂጂ" ብዬ መምከር ሰልችቶኛል።

የሚልኳት ሴት መጀመሪያ እኔ ዘንድ ብትመጣ ደስ ይለኛል። አድራሻ አያስፈልጋትም። ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ ከመሥሪያ ቤት ወጥታ ወዲያ ወዲህ የምታይ ሴት ካገኘች፣ እሷን ተከትላ ትምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
ሀዋሳ