የኦቾሎኒ መጠቅለያ

ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብህ። እናትህ ያረፉ ሰሞን ልደውልልህ ስልኩን አንስቼ ምን እንደምልህ ጠፋኝና መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ እደውላለሁ እያልኩ ወሩ ሄደ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ይቅር በለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የእናቴን ቁም ሳጥን ስናጸዳ ያ የብስኩት ቆርቆሮ ወጣ። ክዳኑ አልገጥም ብሎ በገመድ የምናስረው። ስከፍተው ሁሉም እንዳለ ነው። 11 የኮሚክ መጽሐፍ ቅጠል፣ ፊትና ኋላው 22 ገጽ። የኦቾሎኒው ዘይት ደርቆ ወረቀቱን እንደ መስታወት አሳስቶታል። ከላይ ያለው ያ ቀይና ነጭ ዳማ የመሰለው ሮኬት ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የመጀመሪያዋን ቅጠል ያገኘንባትን ቀን ታስታውሳለህ? ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ከጊዮርጊስ ወደ ታች ስንወርድ፣ ኦቾሎኒ ከሚሸጡት እማማ ዘንድ። ያኔ አሮጌ መጽሔት፣ ያለቀ ደብተር፣ የታረመ ፈተና ሳይቀር በኪሎ እየተገዛ መጠቅለያ ይሆን ነበር። የ25 ሳንቲም ኦቾሎኒ ጠቅልለው ሰጡን። በልተን ስንጨርስ እኔ ወረቀቱን ልጥል ስል አንተ ቀማኸኝ። ጉልበትህ ላይ ዘረጋኸው። ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ልጅ፣ ነጭ ውሻ፣ ጺማም ሰውዬ። ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ስለሆነ አንዲት ቃል አልገባንም። ጺማሙ እንደተናደደ ግን በደንብ ገባን።

እንዴት እንደሚነበብ የነገረን ሰው አልነበረም። አያትህ ሳሎን የተሰቀለው የንግሥተ ሳባ ሥዕል ቀድሞ አስተምሮን ነበር። 44 ሣጥን ነው፣ ስንት ጊዜ ቆጥረነዋል። ዘንዶው ሲገደል፣ ማክዳ ወደ ኢየሩሳሌም ስትጓዝ፣ ሌሊት ተነሥታ ውሃ ስትጠጣ፣ ምኒልክ ሲወለድ፣ ታቦቱ ሲመጣ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ረድፉ ሲያልቅ ወደ ታች። አያትህ በጣታቸው እየጠቆሙ ሲተርኩልን ቡናው ይቀዘቅዝ ነበር። ዛሬም ሰው «ኮሚክ የፈረንጅ ነገር ነው» ሲል ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ያ ሥዕል ኮሚክ ካልሆነ ምንድን ነው?

ከዚያማ የኦቾሎኒ ደንበኛ ሆንን። ቀጣዩ ቅጠል ይመጣል ብለን ስንገዛ የፈተና ወረቀት ይደርሰናል። በመጨረሻ እማማ አዘኑልን። ውሃ በጀሪካን ስናመጣላቸው ክምሩን እንድንፈትሽ ፈቀዱልን። ግማሹ ቀድሞ ተሸጦ አልቋል። ከ62ቱ ገጽ 22ቱን አተረፍን። የጎደለውን አንተ ትሞላው ነበር። ውሻውን ቡቺ፣ ጺማሙን ጋሽ ጺሙ አልካቸው። በየንግግሩ ክብ ውስጥ፣ ከፈረንሳይኛው ላይ፣ በእርሳስ አማርኛ ጻፍክ። ቡቺ ሮኬቱን እያየ «ይሄ ነገር ምሳ አለው?» ይላል። ያንን ሳነብ ዛሬም ድምፅህ ይሰማኛል።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ሙሉውን መጽሐፍ አገኘሁት። ቲንቲን፣ የዚያ ልጅ ስም ነው፤ ወደ ጨረቃ የሚነሡበት ታሪክ፣ 62ቱም ገጽ ሳይጎድል። ለክረምት ያጠራቀምኳትን ብር አውጥቼ ገዛሁት፤ አንተ ግን እንዳታየው ደበቅኩት። እውነተኛውን ታሪክ ካየህ የራስህን መተረክ ትተዋለህ ብዬ ፈራሁ። ስስትም ነበረበት። አንድ ቀን አሳየዋለሁ ስል ዲቪ ደረሰህና ሄድክ። ቦሌ ስንሸኝህ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

በኋላ ስለ ደራሲው ብዙ አነበብኩ። ኤርዤ ይባላል፣ ቤልጂጋዊ ነው። ይህን የጨረቃ ታሪክ በየሳምንቱ በመጽሔት ሲያወጣ በ1950 ደክሞትና መንፈሱ ታውኮ አቋረጠው። አንባቢዎቹ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ጠበቁ። ከዚያ ተመልሶ ጨረሰው። በመጽሐፍ የወጣው በሁለት ክፍል ነው፣ በ1953 እና በ1954። ሰው በእውነት ጨረቃ ላይ የረገጠው በ1969 ነው፤ ይሄ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር። እኔ የገዛሁት የመጀመሪያው ክፍል ነበር። መጨረሻው ላይ ሮኬቱ ተወንጭፎ ሄዷል። ከምድር ደጋግመው ይጣሩዋቸዋል። መልስ የለም። እዚያ ላይ ያልቃል። ሁለተኛውን ክፍል ሳላገኝ ስንት ዓመት ኖርኩ!

መጽሐፉን በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ፣ ያንተ ነው። ቅጠሎቹን ግን አልልክም፣ እኔ ጋ ይቆዩ። ፎቶ አንስቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሃለሁ። አንዱ ገጽ ላይ፣ ጋሽ ጺሙ ሲናገር፣ የጻፍከው እርሳስ በዘይቱ ለቋል። «ወንድሜ አንተ እኮ» የሚለው ብቻ ይነበባል። ልጄ በአጉሊ መነጽር ሞከረች፣ አልቻለችም።

ቀጥሎ ምን ብለህ ነበር?

ናፋቂህ