በክትትል ወረቀትሽ ላይ ስለተጻፈው ፈጣን ምት

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከደሴ ከተለያየን ወዲህ ደብዳቤያችን እየሳሳ መጥቶ ጭራሽ ተቋርጦ ነበር። ባለፈው ሰሞን ልጅሽ ደውላ ፔስሜከር የሚሉት የልብ ምት አጋዥ መሣሪያ እንደተገጠመልሽ፣ ለክትትል ስትሄጂም «ፈጣን የልብ ምት ተመዝግቧል» ተብለሽ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣሽ ነገረችኝ። ሌላው ወሬ ሁሉ ይቆየን። እኔም እዚህ ሜሪላንድ ይህን መሣሪያ ደረቴ ላይ ይዤ መኖር ከጀመርሁ ቆይቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

መሣሪያው ልብ ሲዘገይ ከመቀስቀስ ሌላ ሌት ተቀን ያዳምጣል፤ ለየት ያለ ነገር የሰማ እንደሆነም ሰዓቱንና ርዝመቱን መዝግቦ ያስቀምጣል። በክትትል ቀን የሚያነቡልሽ ያን መዝገብ ነው። ስለዚህ የሰማሽው ነገር ምናልባት ከወር በፊት፣ ሽሮ ስታማስዪ ወይም ተኝተሽ ሳለ፣ ምንም ሳይታወቅሽ መጥቶ ያለፈ ሊሆን ይችላል።

ምርመራው ራሱ ሰውን ያስደነግጣል። ቴክኒሽያኗ ማንበቢያውን ደረቴ ላይ አድርጋ ልቤ ሊፈጥን እንደሆነ አስቀድማ ትነግረኛለች። ከዚያ የኤሌክትሪኩን ኃይል ደረጃ በደረጃ እየቀነሰች ልቤ እስከ የት ድረስ እንደሚመልስ ትለካለች። በዚያች ቅጽበት ደረጃ እንደሳተ ሰው ውስጤ ዝቅ ይልብኛል፤ ወዲያው ይመለሳል። ከመሣሪያው ወደ ልብ የሚገባው ሽቦና ባትሪው ደህና መሆናቸው የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ወረቀቱ ላይ ስንት በመቶው ምት ከመሣሪያው እንደሚመጣም ተጽፎ ታገኛለሽ። የእኔ የታችኛው የልብ ክፍል ከሞላ ጎደል መቶ በመቶ የሚመታው በመሣሪያው ነው። ይህ ልቤ ሞቷል ማለት አይደለም። ትእዛዙን ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚያደርሰው መንገድ ተዘግቷል፤ ጡንቻው ግን ጤነኛ ነው።

አሁን ወደ ፈጣኑ ምት ልምጣ። ሐኪምሽን መጀመሪያ የምትጠይቂው ከላይኛው ክፍል ነው ወይስ ከታችኛው የሚለውን ነው። ከላይኛው ከሆነ ደግሞ የተመዘገበውን ሞገድ ራሱ በዓይኑ አይቶት እንደሆነ ጠይቂው። ከላይ ያለው ሽቦ አንዳንድ ጊዜ የታችኛውን ክፍል ምት ከሩቅ ሰምቶ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል፤ ያኔ መሣሪያው በሌለ ነገር «ፈጣን» ብሎ ይመዘግባል። እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ የሚቀረው ትልቁ ጥያቄ ምን ያህል ቆየ የሚለው ነው።

ሐኪሞቹ የሚሰጉት ስትሮክን ነው። የላይኛው ክፍል በሥርዓት መጭመቁን ትቶ ሲንቀጠቀጥ ደም እዚያ ይቆማል፣ ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ደም ግፊት ያለባቸው፣ መሣሪያ የተገጠመላቸው 2,580 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ብቻ ከ10 ሰዎች በአንዱ ገደማ ከ6 ደቂቃ በላይ የቆየ ፈጣን ምት ተገኘ፤ እነዚህ ሰዎች ለስትሮክ የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎቹ 2.5 እጥፍ ያህል ነበር። በኋላ መረጃው እንደገና ሲተነተን ግን አደጋው በግልጽ ከፍ ብሎ የታየው ከ24 ሰዓት በላይ በቆየባቸው ላይ ነው። አየሽ፣ ጥቂት ደቂቃና ሙሉ ቀን በአንድ ስም ቢጠሩም የሚያስከትሉት ነገር ይለያያል። ርዝመቱን ሳትሰሚ አትደንግጪ የምልሽ ለዚህ ነው።

የደም ማቅጠኛ ይጀመርልሽ ወይስ ይቆይ የሚለው ደግሞ ቀላል ውሳኔ አይደለም። በ2023 ሁለት ትላልቅ ሙከራዎች ይህንኑ ፈትሸው ነበር። በአንደኛው አፒክሳባን የተባለው መድኃኒት ስትሮክን ከሲሶ በላይ ቀነሰ፤ በሁለቱም ሙከራዎች ግን ከባድ መድማት ጨመረ። ስለዚህ ዕድሜሽ፣ ግፊትሽ፣ ስኳርሽ፣ ከዚህ በፊት ስትሮክ መኖር አለመኖሩ፣ ጨጓራሽም ደምቶ ያውቅ እንደሆነ አብሮ ይመዘናል። ያን የጨጓራሽን ነገር ደብቀሽ እንዳትቀሪ፣ አደራ! ዋርፋሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ ከታዘዘልሽም በጾም ወራት የምታበዢውን ጎመን ንገሪያቸው። ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል፤ መብላቱ አይከለከልም፣ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት እንዳይዋዥቅ ያስፈልጋል። የደም ምርመራውም እንዳይቋረጥ።

ፈጣኑ ምት የመጣው ከታችኛው ክፍል ከሆነ ስንት ምት እንደሆነና የልብሽ አልትራሳውንድ ምን እንደሚል ጠይቂ። ልብ በደንብ የሚረጭ ከሆነ ጥቂት ምት ብቻ ሆኖ የሚያልፈውን ብዙ ጊዜ በክትትል ይተዉታል። ረዘም ያለ ከሆነ ወይም ልብ ከደከመ ግን ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። ራስሽን ከሳትሽ፣ ፊትሽ ከተጣመመ፣ አንድ እጅሽ ከዛለ ወይም አፍሽ ከተሳሰረ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይውሰዱሽ።

ሌላም አለ። ስልክሽን እንደ ድሮው ጡት መያዣሽ ውስጥ አትክተቺ። ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከመሣሪያው ይራቅ፤ ስታወሪም በሌላው በኩል ባለው ጆሮሽ ያዢው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ወረቀቱን አብረን ብናየው ምን ምን እንደምትጠይቂ ለይተን እንጽፋለን። ልጅሽ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባንቺ ሰዓት አመሻሹ ላይ እደውላለሁ። ባለቤትሽን እጅ ንሺልኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ።

የምትናፍቅሽ እህትሽ