የቆላምባ ልዩ ዘመቻ ብርጌድ፦ የታሪክና ካርታ ክበብ የዓመቱ ሥራ

የታሪክና ካርታ ክበብ ዘንድሮ የያዘው ሥራ አንድ ነው፤ «ቆላምባ» ብሎ በወረቀት ላይ ለፈጠራት አገር የምድር ጦሩን ልዩ ዘመቻ ብርጌድ ማደራጀት። የቆላምባ መልክዓ ምድር ከሰሜን ሸዋ የተቀዳ ነው፦ ሰፊ ደጋ፣ ድንገት የሚወርድ ገደል፣ ከሥሩም ሞቃት ቆላ። የጦሯ ጠቅላላ ቁጥር 20,000 ሲሆን ለብርጌዱ የተፈቀደው 1,000 ሰው ነው።

ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ረቂቅ ከ1,000ው 900ውን ተዋጊ አደረጉት። ወታደር መደርደር ቀላል ነው፤ የሚያጓጉዘውን፣ የሚያገናኘውንና የሚያጠጣውን ማስላት ግን ከባድ ነው። የዓመቱ ድካም የሄደውም እዚህ ላይ ነው።

መነሻው 12 ሰው ያለው ቲም ነው። አዛዥ፣ ምክትል፣ የዘመቻ ኃላፊና የመረጃ ኃላፊ፤ ከዚያም ሁለት የመሣሪያ፣ ሁለት የምሕንድስና፣ ሁለት የሕክምና፣ ሁለት የሬዲዮ ባለሙያዎች። ይህ የአሜሪካ ምድር ጦር ልዩ ኃይል የሚሠራበት አደረጃጀት ነው። ሙያው ሁሉ በጥንድ የሆነው ቲሙ ስድስት ስድስት ሆኖ ሲከፈል አንዱም ወገን ያለ ሐኪም ወይም ያለ ሬዲዮ እንዳይቀር ነው። አንድ ቡድን ሰው ለመቆጠብ ጥንዱን አንስቶ ቲሙን ወደ 8 አወረደው፤ ቲሙን ለሁለት ከፍለው ሲሞክሩት ግን አንደኛው ወገን ሬዲዮ አልባ ሆነ።

ስድስት ቲምና 11 ሰው ያለው መምሪያ አንድ ሻምበል፣ 83 ሰው ይሆናል። ሦስት ሻምበል 249 ነው። በዚህ ላይ የሻለቃ መምሪያ 30፣ መገናኛ 24፣ ስንቅና የተሽከርካሪ ጥገና 40፣ ሕክምና 12 ሲጨመር ሻለቃው 355 ይደርሳል። ሁለት ሻለቃ 710፤ የሄሊኮፕተር ክፍል 140፣ ማሠልጠኛ 90፣ የብርጌድ መምሪያ 60። ድምሩ 1,000 ሞላ፤ በቲም ውስጥ ያለው ግን 432 ብቻ ነው።

ቁጥሩን ያስጨነቀው ውሃ ነው። በቆላ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ብንይዝ ቲሙ ለአምስት ቀን 240 ሊትር ይፈልጋል። ይህም በነፍስ ወከፍ 20 ኪሎ ነው፤ ጥይት፣ ምግብ፣ ባትሪና መድኃኒት ገና አልተጫነም። ስለዚህ እያንዳንዱ የዘመቻ ዕቅድ ካርታው ላይ የውሃ ምንጭ ወይም አስቀድሞ የተቀበረ ስንቅ እንዲያሳይ ተወሰነ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የሸዋ አርበኞች ያለ ገበሬው ስንቅና ከከተማ ጥይትና መረጃ ይልኩ ከነበሩት የውስጥ አርበኞች ውጪ መቆየት ባልቻሉ ነበር። የመረጃ ኃላፊው ቦታ ከቲሙ እንዳይነሳ የተከራከሩት ተማሪዎች ያነሱትም ይህንኑ ነው፤ ክርክራቸው ትክክል ነበር።

ለመገናኛው 1:50,000 ካርታ ተጠቀምን፤ 1 ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ማለት ነው። ሁለት ሬዲዮዎችን መሬቱ ይጋርዳቸው እንደሆነ ለማየት በካርታው ላይ በመካከላቸው የወረቀት ጠርዝ ይደረጋል፤ ጠርዙን የሚያቋርጠው የከፍታ መስመር ሁሉ ምልክት ይደረግበትና በካሬ ወረቀት ላይ ወደ ቁመት ይገለበጣል። መስመሮቹ በየ20 ሜትሩ ሲሆኑ ወፍራሞቹ በየ100 ሜትሩ ናቸው። ብዙ ተማሪ ከወፍራም እስከ ወፍራም ያለውን እንደ 20 ቆጥሮ ገደሉን አሳነሰው። ከደብረ ብርሃን ደጋ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲሠራ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሞገዱ በቀጥታ መስመር የሚጓዘው ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ከገደሉ ሥር ሆኖ ከደጋው ጋር በቀጥታ አይገናኝም። መፍትሔው ወይ ገደሉ አፋፍ ላይ ማስተላለፊያ ማቆም ነው፣ ወይ ኤችኤፍ (ከቪኤችኤፍ ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ) ሬዲዮን ዝቅ ብሎ በአግድም በተዘረጋ ሽቦ አንቴና መጠቀም፤ ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ ከአዮኖስፌር (ሞገድ ከሚመልሰው የላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር) ተንጸባርቆ ገደል ውስጥ ይወርዳል። ሌሊት ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ማለት አለበት፤ የቀኑን ይዞ የሚያመሽ ቲም አይሰማም።

ሄሊኮፕተርን በሚመለከት ክበቡ ያጠናው እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ኢራን ውስጥ ታጋቾችን ለማስለቀቅ ያደረገችው ሙከራ ነው። ስምንት ሄሊኮፕተር ተነሣ፤ ለመቀጠል ቢያንስ ስድስት ያስፈልግ ነበር፤ በረሃው ላይ ለሥራ ብቁ ሆኖ የተገኘው አምስት ነው። ዘመቻው ተሰርዞ ሲመለሱ አንዱ ሄሊኮፕተር ከቆመ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 8 ሰው ሞተ። ተዋጊዎቹ ገና ዒላማቸው ጋር አልደረሱም ነበር። ስለዚህ ቆላምባ ሁለት ቲም ለመላክ ሁለት ሄሊኮፕተር ቢበቃትም አራት ትመድባለች። ኤምአይ-8 የተባለው ሩሲያ ሠራሽ ሄሊኮፕተር በወረቀት 24 ሰው ቢጭንም በደጋ ቀጭን አየር ላይ ሙሉ ጭነት አያነሳም፤ ክበቡ ስሌቱን በ12 ሰው ይዟል።

ብርጌዱ ለማን ይታዘዝ በሚለው ላይ ድምፅ ተሰጥቶ ለጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ በቀጥታ ሆነ። የእንግሊዙ ዴቪድ ስተርሊንግም እ.ኤ.አ. በ1941 ኤስኤኤስ የተባለውን የእንግሊዝ ልዩ ኃይል ሲያቋቁም የጠየቀው ከበላይ አዛዡ ጋር በቀጥታ መገናኘት ነበር። በእግረኛ ክፍለ ጦር ሥር የገባ ልዩ ኃይል መስመር ሲላላ እንደ እግረኛ ይሰለፋል፤ ለዓመታት የሠለጠነ የሬዲዮ ባለሙያ ምሽግ ውስጥ ያልቃል።

ሰንጠረዡና የገደሉ ቁመት ሥዕል ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ያልተፈታው ቁስለኛን ከገደል ሥር ማውጣት ነው፦ በቃሬዛ ለመሸከም አራት ሰው፣ ለመቀያየር ሌላ አራት ያስፈልጋል፤ ከ12ቱ የሚጠብቅ ሦስት ሰው ብቻ ይቀራል። የሚቀጥለው ዓመት ክበብ ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ነው።