ጉዳዩ፦ በኦሽዊትዝ ጉብኝት ዕለት የተማሪዎች ስልክ ስለሚሰበሰብ

ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች

ከሁሉ አስቀድመን የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን። የፖላንድ ጉዞ ዝግጅት በመልካም ሁኔታ እየተከናወነ ስለሆነ፣ ፓስፖርት ያላስረከቡ ተማሪዎች እስከ እሑድ እንዲያስረክቡ፣ ነጭ ሸሚዝና ወፍራም ካፖርትም ከወዲሁ እንዲያዘጋጁ እናሳስባለን።

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ግን ስለ አንድ ጉዳይ ነው። በጉዞው ሦስተኛ ቀን፣ ናዚ ጀርመኖች አይሁዶችን በጅምላ የገደሉባቸው የኦሽዊትዝና የቢርከናው ካምፖች በሚጎበኙበት ዕለት፣ ተማሪዎች ጠዋት ከክራኮው ሆቴላቸው ከመነሣታቸው በፊት ስልካቸውን አስረክበው ማታ ሲመለሱ ይረከባሉ። በዕብራይስጥ የላክነው ማስታወቂያ ብዙዎቻችሁ ዘንድ የደረሰው በልጆቻችሁ አፍ ብቻ እንደሆነ ተረድተናል፤ አስቀድመን በአማርኛ አለመጻፋችን የእኛ ጥፋት ነው። ይሁንና ከ34 የፈቃድ ቅጾች ተፈርመው የተመለሱት 15 ብቻ መሆናቸውን በቋንቋ ብቻ ማመካኘት አይቻልም።

ውሳኔው ያለ ምክንያት አልመጣም። ባለፈው ዓመት ቡድናችን ከሟቾቹ ራስ የተላጨው ፀጉር በተከመረበት፣ ፎቶግራፍ ማንሣት እንኳ በተከለከለበት ክፍል ቆሞ ሳለ የአንድ ተማሪ ስልክ ጮኸ፤ ልጁም አነሣው። ከቤት የተደወለለት ምሳ በልቶ እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር። ስለ ልጁ ምሳ የተጨነቀን ወላጅ ማንም አይወቅስም፤ በዚያ ክፍል የነበሩት ሌሎች 30 ልጆች ግን ያቺን ሰዓት መልሰው አያገኟትም። ከሰዓት በኋላም ቢርከናው ውስጥ፣ በ1944 ከሃንጋሪ የተጋዙት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ አይሁዶች ከባቡር በወረዱበት ሐዲድ ላይ፣ ሁለት ተማሪዎቻችን እየተፈራረቁ ሲቀራረጹ አገኘናቸው። ክፉ ልጆች አይደሉም። ስልኩ በእጃቸው ስለነበረ ያደረጉት ነው።

«የእኔ ልጅ ጨዋ ነው፤ በሌላው ጥፋት ለምን ይቀጣል?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። ይህ ቅጣት አይደለም። እኛ መርዶ እንኳ በስልክ የማንናገር፣ በሽማግሌ ማልደን የምናረዳ ሰዎች ነን፤ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ስልክ ሲጮህበት እንዴት እንደሚያፍርም ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። በኦሽዊትዝ ከተገደሉት 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉት አይሁዶች ነበሩ። ልጆቻችን ወደዚያ የሚሄዱት ለቅሶ ሊደርሱ ነው።

ምናልባት «ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ስንጓዝ የሞቱብን የእኛ ሙታን የቀሩት በሱዳን ነው» የሚል ይኖራል። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ለእነርሱ መታሰቢያ በሄርጽል ተራራ ስንሰበሰብ፣ አንድ እንግዳ ወጣት ከመታሰቢያው ፊት ቆሞ የራሱን ፊት ሲቀርጽ ብናየው ዝም እንለው ነበርን? ለእኛ ሙታን የምንጠይቀውን አክብሮት ለእነዚያም እንስጥ። እስከ ሰባት ትውልድ ስም መቁጠርን ከቤቱ የተማረ ልጅ፣ በኦሽዊትዝ 27ኛው ሕንፃ ባለው፣ የተገደሉት አይሁዶች ስም በተጻፈበት የስሞች መጽሐፍ ፊት ሲቆም፣ አንድ የቤተሰብ ስም ገጽ ከገጽ እየሞላ ሲሄድ ያያል። ያንን በሁለት ዓይኑና በሁለት እጁ እንዲያገላብጠው እንፈልጋለን።

ከሁሉ የሚከብደን ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። እኛን ከሱዳን ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ያመጣው ዘመቻ ሙሴ በጥር 1985 ሲቋረጥ ከመካከላችን እናት ከልጅ፣ ወንድም ከእኅት ተለያይቷል፤ አንዳንዶች እንደገና የተያዩት በግንቦት 1991፣ የቀሩትን ከአዲስ አበባ ባመጣው በዘመቻ ሰሎሞን ነው። በዚያ ያለፈ ቤተሰብ «ልጄ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቁን እንደ ቀላል ነገር አንመለከተውም፣ የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊም በዚያው ያለፈ ነው። ስለዚህም ዕለቱን ሙሉ የአራቱ አጃቢ መምህራን ስልክ ክፍት ይሆናል፤ ቁጥሮቹ ከቅጹ ጀርባ በአማርኛ ተጽፈዋል። እኩለ ቀን ላይና ማታ ወደ ሆቴል ሲመለሱ ለእያንዳንዱ ቤት መልእክት እንልካለን። የስኳር መጠን የሚለካው መሣሪያቸው ከስልክ ጋር የተያያዘ ተማሪዎች ስልካቸው ከእነርሱ ጋር ይቆያል። ፎቶግራፍም አንድ መምህር፣ በተፈቀደበት ቦታ ሁሉ፣ ለሁሉም ያነሣል። ከዚህ በላይ ምን እንድናደርግ እንደሚጠበቅ በእውነት አልታየንም።

ሁለተኛ ስልክ በካፖርት ኪስ ደብቆ መስጠት መፍትሔ አይደለም፤ ባለፈው ዓመትም ተሞክሯል፣ ልጁንም በጓደኞቹ ፊት ከማሳፈር በቀር ያተረፈው የለም። ስልኩን ለማስረከብ ፈቃደኛ ያልሆነ ተማሪ ያን ዕለት ከአንድ መምህር ጋር በሆቴል ይቆያል፤ ወላጁም በዚያው ጠዋት ይነገረዋል።

የተፈረመውን ቅጽ እስከ ሐሙስ ቀን 8 ሰዓት ድረስ ለክፍል ኃላፊው መምህር እንድትልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን። ፊት ለፊት መነጋገር የምትፈልጉ ረቡዕ ማታ በቢሮዬ ትገኙኛላችሁ፤ ውይይቱም በአማርኛ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር